ከ«ቀ» ወዲያ

መምህር ክፍሉ በድሬዳዋ መምህራን ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በፊዚክሱና በምላሱ። ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ የቀረው ሰው ደግሞ ቶሎ እንደማይለቀቅ አውቆ ወንበሩ ላይ ይደላደላል። ባለጌ አልነበረም። ስህተት ሲሰማ ዝም ማለት ግን አይሆንለትም፤ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይሰነቀርበታል።

በ1977 ዓ.ም. ሐረር ላይ በተደረገ የመምህራን ሴሚናር የሰማው ግን ከአጥንትም የባሰ ነበር። ጓድ ማዘንጊያ የሚባሉ የትምህርት ኢንስፔክተር፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ለእኛ ቋንቋ እንደማይሆን አስረዱ። ፈረንጅ በሃያ ስድስት ፊደል ጉዳዩን ይጨርሳል፤ እኛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ተሸክመን የትኛው ማሽን ውስጥ ልንገባ ነው? አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ክፍሉን ከወንበሩ ያስነሣው ያ ሳቅ ነው። ያልተማረ ሰው በአባቱ ስም ሲቀለድ ይቆጣል፤ የተማረው ግን በፊደሉ ሲቀለድበት አብሮ ይስቃል፣ ሥልጣኔም ይመስለዋል። ክፍሉ ተነሥቶ፣ በዓመቱ ሁሉንም ፊደላት በአንድ ማሽን ላይ እንደሚያሳያቸው በሃምሳ መምህራን ፊት ቃል ገባ። ካላሳየ፣ ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ አፉን እንደማይከፍት ጨመረበት።

ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ለየትኛው ቃሉ እንዳጨበጨቡ አልጠየቀም።

ጓድ ማዘንጊያም ነገሩን በማስታወሻቸው ላይ አሰፈሩ። በዓመቱ ድሬዳዋ ለጉብኝት ሲመጡ ያዩታል፤ ከታየ ለአዲስ አበባ «ይቻላል» ብለው ይጽፋሉ፣ ካልታየ «አይቻልም» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ።

ማሽኗ ከጅቡቲ በባቡር የመጣች፣ አንድ ደብተር የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች። ምስል የምታሳይበት የራሷ መስኮት እንኳ የላትም፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች። የጻፉባትንም ካሴት ላይ ካልቀዱላት፣ መብራቱ ሲጠፋ ሁሉን ትረሳለች። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ባለካሬ ደብተር ላይ ፊደል ሲሥል ከረመ፤ ስምንት ካሬ ወደ ታች፣ ስምንት ካሬ ወደ ጎን፣ አንዳንዱን በእርሳስ ማጥቆር። «ለ» በአንድ ቀን አለቀች። «ጨ» ስምንት ካሬ አልበቃት ብሎ ሰባት ጊዜ ተሠረዘች። ሚስቱ ጥሩወርቅ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረችና፣ እሱ የሣለውን እያየች ይሄ «ሸ» ነው ወይስ ወንበር? ትለው ነበር። እየተበሳጨ ያርማል። ፊደሉ የሚያምረው ግን እሷ ከነካችው በኋላ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም።

ችግሩ የመጣው ከ«ቀ» ወዲያ ነው። የማሽኗ የማስታወስ አቅም ጠባብ ነበር፤ ስልሳ ሦስት ፊደል ትይዝና «በ» ሲጨመርባት ምስሉ ተሰባብሮ ይጠፋል። ከሠላሳ ሦስቱ መደዳ ዘጠኙ ብቻ። ክፍሉ ኢንስፔክተሩ ፊት ዘጠኝ መደዳ ይዞ ከሚቀርብ አፉን በክር ቢሰፋው ይሻለዋል። ስለዚህ የባቡር ሠራተኛ የሆነውን ጎረቤቱን ለምኖ፣ ከማሽኗ ጀርባ የሚሰካ፣ የማስታወስ አቅሟን የሚያሰፋ ዕቃ ከጅቡቲ አስመጣ። የሲጋራ ፓኬት የምታህል ሣጥን ናት። የመጣችው በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ጓድ ማዘንጊያ የሚደርሱት ሐሙስ ነው።

ከሣጥኗ ጋር በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። ክፍሉ ፈረንሳይኛ አይችልም፤ ጥሩወርቅ ግን ፈረንሳይኛ የሚነገርበት የባቡር ኩባንያ መካኒክ ልጅ ስለነበረች ከአማርኛ እኩል ትናገረዋለች። ወደ ሥራ ስትወጣ፣ እስክመለስ ቆየኝ፣ አንብቤልህ ትሰካታለህ አለችው። እሺ አላት። በሩ እንደተዘጋ ሰካት።

መጀመሪያ ደስ የሚል ነገር ሆነ። «በ» ገባች፣ «ተ» ገባች፤ ክፍሉ ብቻውን ቤቱ ውስጥ እየተንጎራደደ ጓድ ማዘንጊያን በሐሳቡ ይሟገት ጀመር። ወዲያው ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ሣጥኗ ከመሰኪያው ላይ ላላ ትላለች፤ ጣት ነክቷት ይቅርና ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ሁሉ ነገር ይሠረዛል። ሠላሳ ሦስቱንም መደዳ በየቁራጩ ከቀዳበት ካሴት እንደገና ጫነ። ካሴቱ እየጮኸ እስኪጨርስ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። «ነ» ላይ ጠፋ። እንደገና ጫነ፤ «ከ» ላይ ጠፋ። በአራተኛው የማሽኗን ጀርባ ሲዳስስ እንደ ካውያ ይፋጃል።

የግንቦት ቀን ነው፣ የድሬዳዋ ስድስት ሰዓት ነው። ክፍሉ ቀና ሲል ዐይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ። እዚያ፣ እንደ ከተማው ሰው ቤት ሁሉ፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውሃ ጠርሙስ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ጆንያውን ሲነካው እርጥበቱ እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ክፍሉ ይህን በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ያስተምራል፤ ያንኑ ጠርሙስ ክፍል ድረስ ይዞ ይሄዳል። ውሃ የሚያቀዘቅዝ ነገር ማሽን የማያቀዘቅዝበት ምክንያት አልታየውም። ጥንቃቄም አልጎደለውም፤ መጀመሪያ የፕላስቲክ ከረጢት አለበሳት፣ ከዚያ የጆንያውን ቁራጭ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ሣጥኗ በተሰካችበት በጀርባዋ በኩል ደረበላት። ይህን ስህተት ያልተማረ ሰው አይሠራውም። ያልተማረ ሰው ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ አይሆኑም ብሎ ይፈራል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በጥናት የሚሠራው የተማረ ብቻ ነው።

«ዐ» ላይ ደርሶ ነበር። ከረጢቱ በአንድ በኩል ተከፍቶ ውሃ ሾልኮ ገብቶ ኖሮ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ከማሽኗም ቀጭን የሚከረፋ ጭስ ወጣ።

ጥሩወርቅ ስትመለስ ባሏ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ አገኘችው። ጆንያውን አየች። ወረቀቱን አነሣችና አነበበች።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ነው» አለችው። «ከእርጥበት ይጠበቅ ይላል።»

«የመጀመሪያውስ?»

«ማሽኑ እየሠራ አትንኩት።»

ክፍሉ ፈረንሳዮች ላይ ሊቆጣ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አዲስ አበባ ልኮ ለማሠራት ጊዜ የለም። ጥሩወርቅ፣ ከወንዙ ማዶ በመጋላ ሰፈር የአባቷን ራዲዮ ሃያ ዓመት እየጠገነ ያቆየላቸው አብዲራህማን የሚባል ሰው እንዳለ ነገረችው። ዐይኑ ጠፍቷል፣ ግን ሚስቱ ሃሊሞ አለች፤ አሁን እጁ እሷ ናት። ክፍሉ አንድ ዐይነ ስውርና ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት የኮምፒውተር ሐኪም ሊሆኑ ነው ወይ ብሎ ጀመረና የሚስቱን ፊት አይቶ ተወው።

ሌላም የሚያሳፍረው ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱን ቴፕ አንድ የመንገድ ዳር ራዲዮ ጠጋኝ አበላሽቶት፣ ክፍሉ በቁጣ «ያልተማረ እጅ ይታሰር» የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣ አውጥቶ ነበር። ቀበሌው ወዶለት አዳራሹ ላይም ለጥፎታል።

ረቡዕ ጧት ማሽኗን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጦ መጋላ ገባ። ሱቁ አንድ በር ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። እስከ ጣሪያው የተደረደረው ራዲዮ ሁሉ አንገቱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮበታል፤ አንዱ ሱፍ፣ አንዱ ከፈይ፣ አንዱ የጂንስ ሱሪ። ስም የተጻፈበት አንድም የለም። አብዲራህማን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጨርቆቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይህ የእገሌ ነው፣ ያኛው የእገሌ ነው ይላል፤ አይስትም። ሃሊሞ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች።

ክፍሉ ስለ ማሽኗ ረዘም ያለ ማብራሪያ ጀመረ። ሃሊሞ ፎጣውን ገልጣ አየች፤ ከፎጣው ጋር ተጠቅልሎ የመጣውን እርጥብ የጆንያ ቁራጭ አነሣች።

«አቦ መምህር፣ ይቺን ውሃ አጠጣሃት እንዴ?» አለችው።

የድሬ ሰው ለንጉሥም አንተ ነው የሚለው፤ ክፍሉ ይህን ያውቃል። ዛሬ ግን ትንሽ ቆነጠጠው። ሃሊሞ ከጆንያው አንድ ክር መዘዘችና ማሽኗ ላይ ምልክት አድርጋ አሰረችው። አብዲራህማን ያን ክር ዳስሶ ሳቀ፤ ከዚያ ማሽኗን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ዋናው አንጎሏ አልተቃጠለም» አለ። «የአንጎል ሽታ ሌላ ነው። ይቺ ባለ ሦስት እግሯ ናት።»

ሃሊሞ ማሽኗን ፈታች። እውነትም ከውስጥ፣ ኤሌክትሪኩን መጥና የምታሳልፍ ሦስት እግር ያላት አንዲት ትንሽ ነገር ጠቁራ ተገኘች። ሙቀቱም የመጣው ከእሷ ነበር። ለአንዲት ማሽን የተሠራች ናት፣ ትናንት ሁለት ተጫኑባት። ክፍሉ የጨመራት ሣጥን ጥፋት አልነበረባትም። እሱ ጆንያውን የደረበው በሽተኛውን ትቶ ጤነኛው ላይ ነው። ይህን ያወቀው ሃሊሞ በጣቷ ከነካችና ባሏ ሁለት ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ነው፤ እሱ በዲፕሎማው ግማሽ ቀን ያላገኘውን፣ እነሱ ሻይ እስኪቀዳ አገኙት።

ከዚያ የሆነውን ክፍሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው ኖረ። ሃሊሞ ከሞተ የካሴት ማጫወቻ ውስጥ ያንኑ የመሰለ ባለ ሦስት እግር አወጣች። አብዲራህማን እግሮቹን በጥፍሩ ቆጠረና ከየትኛው ወገን ወዴት እንደሚዞር ነገራት። እሷ ስትበይድ እሱ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ የብየዳው እርሳስ ሲቀልጥ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምቶ፣ ያቺኛዋ አልያዘችም፣ ድገሚያት ይላታል። ትደግማታለች። አይጨቃጨቁም፣ አይቸኩሉም። ከዚያ ከአሮጌ የብረት ድስት ክዳን ላይ አንድ ቁራጭ በመቀስ ቆረጠችና፣ ሙቀቱን እንዲጠጣላት ከባለ ሦስት እግሯ ጋር በብሎን አጠበቀችው። የመሰኪያዎቹን ጥርሶች አንድ በአንድ በአልኮል አጠበች። የምትላላውን ሣጥን ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በቆረጠችው ላስቲክ ከማሽኗ ጋር ወጥራ አሰረቻት፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። ሣጥኗ ንቅንቅ አላለችም። ክፍሉ ማስተማር ከጀመረ ጀምሮ ብዙ ሰው ስለ ሥራ ሲናገር ሰምቷል፤ ራሱም ተናግሯል። ሥራን እንዲህ ፊት ለፊት ያየው ግን ያን ቀን ነበር።

ጥርሶቹን ስታጥብ፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ አውቅሃለሁ» አለችው።

«ከየት?»

«መሠረተ ትምህርት ስማር፣ ቀበሌ አዳራሽ። ፊደል ጨረስን፤ አስተማሪው እንግዲህ ግድግዳ ላይ ያለውን አንብቡ አለን። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ ያንተ ነው። ያልተማረ እጅ ይታሰር።»

ክፍሉ ፎጣውን ማጣጠፍ ጀመረ። አብዲራህማን ፊቱን ወደሱ አዞረ።

«እና... ምን አልሽ?» አለ ክፍሉ።

«ቤት ገብቼ ለሱ በቃሌ አልኩለት። አንዳንዱ ልክ ነው፤ ያን ቴፕ ያበላሸውን እኛም እናውቀዋለን፣ ሌባ ነው። ጽሑፉም ጥሩ ነው።» ብሩሹን አልኮሉ ውስጥ ነከረች። «ብቻ ረጅም ነው፣ ወላሂ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

አብዲራህማን ከት ብሎ ሳቀ። ክፍሉን ሰድበውት ቢሆን መልስ ነበረው። የሰደባት ሴት በስድቡ ማንበብ ተምራ፣ አሁን ማሽኑን በጥርስ ብሩሽ ታጥባለች።

ማሽኗ ቢያንስ አንድ ቀን ሳትነቃነቅ ሠርታ ካልታየች ከሱቁ እንዳትወጣ ሃሊሞ ከለከለች። ስለዚህ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጓድ ማዘንጊያ በመሐረብ ግንባራቸውን እየጠረጉ ወደ መጋላዋ ሱቅ መጡ። ጥሩወርቅም ፈቃድ ጠይቃ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ኢንስፔክተሩ የሚቀመጡበት አጥተው አንድ የተበላሸ ትልቅ ራዲዮ ላይ ተቀመጡ።

ማሽኗ ከሱቁ ቴሌቪዥንና ካሴት ማጫወቻ ጋር ተያይዛለች፤ ክፍሉ ከቤቱ ያመጣው ካሴት ገባ፣ መጮኽ ጀመረ፤ አሥር ደቂቃ ጮኸ። ምስሉ ባዶ ነበር። እንደገና ተጫነ። እንደገና ባዶ። ጓድ ማዘንጊያ ሰዓታቸውን አዩና ማስታወሻቸውን አወጡ።

«አቁም» አለ አብዲራህማን ከምንጣፉ። «ካሴቱ የተቀዳው በዚህ ማጫወቻ አይደለም።»

«አይደለም፣ በቤቴ ነው» አለ ክፍሉ።

«የዚህኛው ማንበቢያ ራስ ተንጋድዷል። ድምፁ ታፍኗል፣ አትሰሙም?»

ማንም አልሰማም። ለሰው ጆሮ ሁሉም ያው ጩኸት ነው። አብዲራህማን ተነሥቶ፣ ሃሊሞ ያቀበለችውን ቀጭን ካቻቢቴ የማጫወቻው ማንበቢያ ራስ ላይ ባለችው ብሎን ውስጥ አስገባ። ጆሮውን አስጠጋ፣ ፀጉር በምታህል ልክ አዞረ፣ ትንሽ መለሰ። ያ የታፈነ ጩኸት ድንገት ጠርቶ፣ ስለታም ሆኖ ወጣ። «አሁን» አለ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደላቱ በዓምድ በዓምድ ሆነው ቆሙ።

ክፍሉ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። ከኪሱ አላወጣውም። ሃሊሞ መነጽሯን አድርጋ፣ ባሏ እንዲሰማ ጣቷን ከመስተዋቱ ላይ እያስኬደች ታነብ ጀመር፤ ሀ ሁ ሂ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ መሠረተ ትምህርት እንዳስተማራት። «ቀ» ላይ ደረሰች። አለፈቻት። «በ» አለች፣ «ተ» አለች። ጓድ ማዘንጊያ ከራዲዮው ላይ ተነሥተው ቀርበው ቆሙ። «ጨ» ላይ ጥሩወርቅ ፈገግ አለች። ሃሊሞ «ፖ» ብላ ስታበቃ ጣቷ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ምስሉ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

ጓድ ማዘንጊያ ሐቀኛ ሰው ነበሩ፤ ሲሸነፉ ያውቁታል። «ይቻላል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ተብሏልና የጠገነው ባለሙያ ስምና የምስክር ወረቀት ለሪፖርቱ ያስፈልገኛል አሉ። ክፍሉ በእጁ ወደ ሁለቱ አመለከተ። ኢንስፔክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንተን ብቻ ልጻፍ፣ አሉት፤ የእነሱን ከጻፍኩ አዲስ አበባ ይስቁና ወረቀቱን ይጥሉታል፣ የዓመት ልፋትህ ገደል ይገባል።

ነገሩ እውነት ነበር፤ ክፍሉም እውነት መሆኑን ያውቃል። ዓመት የደከመበት «ይቻላል» የሚል ቃል እዚያ ወረቀት ላይ አለ፤ የሚጠየቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ አይሆንለትም።

«ይሳቁ» አለ። «አምና እኔም ላይ ስቃችኋል። እነሱ የሌሉበት ወረቀት ላይ የእኔን ስም እንዳይጽፉ፣ ጓድ። ፊደሎቹን የሣልኩት እኔና ባለቤቴ ነን፤ ማሽኑን የገደልኩትም እኔ ነኝ። ያስነሡት እነዚህ ናቸው። የምስክር ወረቀት ከፈለጉ ቴሌቪዥኑ ላይ አለልዎ።»

ጓድ ማዘንጊያ የድስቱን ክዳን ቁራጭ አዩ፣ ላስቲኩን አዩ፣ ክር የታሰረበትን ማሽን አዩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ወደ ሃሊሞ አዙረው ሙሉ ስሟን ጠየቁ። እሷም የባሏን አስቀድማ ነገረቻቸው።

ባቡራቸው ሊደርስ ነውና ወጡ። ክፍሉ ማሽኗ ፊት ተቀመጠ። ለዚህ ቀን ብሎ ስለ ፊደልና ስለ ነፃነት ሁለት ገጽ ጽፎ ነበር፤ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የሚገባው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ትቶ ሌላ ነገር ጻፈ፤ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ፣ እንደ ጀማሪ። ሲጨርስ ተነሥቶ ቦታውን ለሃሊሞ ለቀቀ። ቀስ እያለች ለባሏ አነበበችለት።

«ስለ እጅ የጻፍኩት ስህተት ነው። ይህን ማሽን ያዳኑት አብዲራህማንና ሃሊሞ ናቸው። ክፍሉ።»

አብዲራህማን ቀሪውን የሚጠብቅ መስሎ ጆሮውን እንዳቀና ቆየ።

«አለቀ?» አላት።

«አለቀ» አለችው። «አሁን አጠረ።»